«አሰልጣኝ አስገባኝ፣ ድኛለሁ!»

ይህ ለክረምት ውድድር ለሚዘጋጁ የታዳጊ ቡድኖች አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾችና ወላጆች ደሴ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።

ያ ጀማዓ፣ እንዴት ዋላችሁ! ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከኩታበር የመጣችሁ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ፣ አትፈሩ። ዛሬ የሚታሽ እግር የለም።

የምነግራችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ኳስ ተጫዋችን ደጋግሞ የሚጥለው ያልዳነ አሮጌ ጉዳት ነው። በስፖርት ሕክምና ብዙ የሚያከራክር ነገር አለ። በዚህ ላይ ግን ባለሙያው ሁሉ ይስማማል። የታፋው የኋላ ጡንቻ አንድ ጊዜ የተጎዳበት ልጅ፣ ምንም ካልነካው ጓደኛው ይልቅ እንደገና የመጎዳት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ቁርጭምጭሚትም እንደዚያው። ጉልበትም እንደዚያው።

በየሰፈሩ «እግሩ ልማድ ሆኖበታል» የሚባል ልጅ አለ አይደል? ፒያሳም አለ፣ ቧንቧ ውሃም አለ፣ ሰኞ ገበያም አለ። ልማድ የሚባል በሽታ የለም። ልጁ ሳይድን ገብቶ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ልጁን ወለም አለው። ማታ ቤት ሲገባ እግሩን በሙቅ ውሃና በጨው ይነክሩለታል። እሁድ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል፣ ይታሻል፣ ሰፈሩ እስኪሰማ ይጮኻል። ሰኞ እግሩ ተነፍቶ ያድራል። ሐሙስ እብጠቱ ይጎድላል፣ ማነከሱንም ይተዋል። ቅዳሜ ጨዋታ አለ። አሰልጣኙ «እንዴት ነህ?» ይለዋል። ልጁም «ድኛለሁ፣ አስገባኝ!» ይላል። ምን እንዲል ትጠብቃላችሁ? አላስገባም ካለው ቦታውን ሌላ ሊይዝበት ነው። ይሄን ነገር በየክረምቱ አየዋለሁ። የሚቀያየረው የልጁ ስም ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንነሳ።

እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚቱ የውጪ በኩል ያሉት ጅማቶች ይሳባሉ። ሲብስ ይበጠሳሉ። ወዲያው ደምና ፈሳሽ ይጠራቀማል፣ ያብጣል። እዚህ ላይ ሙቅ ውሃ ስንጨምርበት የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ እብጠቱ ይጨምራል። ገና የተበጠሰ ጅማት ላይ ስናሸው ደግሞ የሚደማውን ይበልጥ እናደማዋለን። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሙቀትም መታሸትም የለም። ማሰር፣ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ከጨዋታ ማረፍ፣ በቃ።

በረዶስ? በረዶ የምትወዱ ብዙ ናችሁ። «እረፍት፣ በረዶ፣ ማሰር፣ ማንሳት» የሚለውን መመሪያ በፈረንጆች 1978 ያስተዋወቀው ጌብ ሚርኪን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነው። ከዓመታት በኋላ ራሱ ሐሳቡን ቀየረና በረዶ ማዳኑን ሊያዘገየው ይችላል አለ። እኔ በረዶን የምጠቀመው ለሕመም ነው። ከጁስ ቤት የተገኘውን በረዶ በጨርቅ ጠቅልሎ 10 ወይም 15 ደቂቃ ማድረግ ይበቃል። ቆዳ ላይ በቀጥታ አይደረግም፣ ያቃጥላል። በረዶ ካልተገኘም አትጨነቁ። የደሴ የክረምት የቧንቧ ውሃ ከበረዶ ምን ያህል ይተናነሳል?

አሁን ትልቁ ጥያቄ ይመጣል። ወለምታ ነው ወይስ ስብራት? ይሄን ሜዳ ላይ መለየት የሚያስችል ቀላል መንገድ አለ። ካናዳ ውስጥ ኦታዋ ከተማ የነበሩ ሐኪሞች በፈረንጆች 1992 ያወጡት ነው፤ በየሀገሩ ይሠራበታል። እስቲ አንድ ልጅ እዚህ ይምጣልኝ። ና አንተ፣ ካልሲህን አውልቅ።

ይሄ በውስጥ በኩል ወጣ ያለው አጥንት ነው። ይሄ ደግሞ በውጪ በኩል ያለው። የሁለቱንም የኋላ ጠርዝ ከጫፉ ጀምሬ ወደ ላይ 6 ሳንቲ ሜትር ያህል በጣቴ እጫናለሁ። ጅማቱን አልነካም፣ አጥንቱን ነው የምጫነው። ቀጥሎ ወደ እግሩ ጠርዝ እወርዳለሁ። ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ እየመጣሁ መሃል ላይ ጎበጥ ያለች አጥንት አገኛለሁ። እሷንም እጫናለሁ። በመጨረሻ በውስጥ በኩል፣ ከቅስቱ በላይ ያለችውን። ከነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ሲነካ ካመመው ራጅ መነሳት አለበት። ሌላው ፈተና 4 እርምጃ ነው። ማነከስ ይችላል፣ ችግር የለም፤ ግን እግሩን እየረገጠ 4 እርምጃ መሄድ አለበት። ሜዳም ላይ፣ ቆይቶ ጤና ተቋም ሲደርስም መራመድ ካልቻለ ራጅ ነው። አጥንቱ ካላመመውና ከተራመደ ስብራት የመሆኑ ዕድል በጣም ትንሽ ነው። አመሰግናለሁ፣ ካልሲህን አጥልቅ። ደግሞ እጠበው።

አሁን ስለ ወጌሻ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሦስት አባቶች እንዳሉ አይቻለሁ። አባቶቼ፣ አትቀየሙኝ። ወጌሻ የናቀ ሰው ወሎን አያውቃትም። ሐኪም ባልነበረበት ዘመን የወለቀ ትከሻ የመለሰው፣ ሌሊት ተቀስቅሶ የሄደው ወጌሻ ነው። ዛሬም የሰፈር ቡድን ከሜዳ ዳር የሚያገኘው ባለሙያ እሱ ነው። የእኔ ልመና ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የተጠረጠረ ስብራት ከመነካቱ በፊት ራጅ ይታይ። ሁለተኛው ይበልጥብኛል፤ ጥብቅ እስራት ይቅር።

ለምን? የተሰበረ እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥርቅም ተደርጎ ሲታሰር እብጠቱ የሚሄድበት ያጣል። ውስጡ ያለው ግፊት ደሙን ያግደዋል። ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። በጥብቅ እስራት ምክንያት እጅ ወይም እግር የተቆረጠባቸው ሕፃናት በሀገራችን ሆስፒታሎች ተመዝግበው በጥናት ወጥተዋል። እነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የነበራቸው ጄሶ ተደርጎለት የሚድን ስብራት ነበር። ወላጆች፣ ከእስራት በኋላ ልጁ ከስብራቱ የባሰ ሕመም ከተሰማው፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከገረጡ፣ ከደነዘዙ ወይም ጣቶቹን ሲያንቀሳቅሱለት ከጮኸ፣ ያኔውኑ ፍቱለት። እስኪነጋ አትጠብቁ። «ሳልፈታው ብታገሥ ይጠነክራል» የሚባል ነገር የለም። ፈትታችሁ ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ጄሶም ቢሆን ያው ነው። በጄሶ ውስጥ ያበጠ እግር እንዲሁ ይታፈናል፣ ተመልሶ መታየት አለበት።

ወደ ወለምታችን እንመለስ። ሐሙስ ሕመሙ ጠፋ ብለናል። ሕመሙ ሲጠፋ ጅማቱ የት ደርሷል? ጭቃ ቤት የመረገ ሰው ያውቀዋል፤ ግድግዳው በላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀላል ወለምታ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። መካከለኛው ከ3 እስከ 6 ሳምንት። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ የተበጠሰበት እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል።

ሌላም ነገር አለ። ጅማት ውስጥ እግራችን በምን አቅጣጫ እንዳለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉ። ጅማቱ ሲጎዳ እነሱም ይጎዳሉ። ልጁ ድንጋይ ሲረግጥ እግሩ መታጠፍ መጀመሩን አንጎሉ ዘግይቶ ይሰማል። ጡንቻው ደርሶ አይዘውም። «እግሬ ይከዳኛል» የሚሉት ይሄንን ነው። ይሄ በእረፍት ብቻ አይመለስም። በልምምድ ነው የሚመለሰው። ልምምዱም ገንዘብ አያስወጣም፤ ጠዋት ጥርስህን ስትፍቅ በተጎዳው እግርህ ብቻ ቁም። ሲቀልህ ዓይንህን ጨፍን። ሲቀልህ ወፍራም ብርድ ልብስ አጥፈህ እሱ ላይ ቁም። መሳቅ ይቻላል፣ ግን ሞክሩት። ያላመመውም ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ 20 ሰከንድ መቆም ያቅተዋል።

ታዲያ መቼ ይግባ? አሰልጣኞች፣ «እንዴት ነህ?» ብላችሁ አትጠይቁ። መልሱ ይታወቃል። አሠሩት። ሳያነክስ ይራመድ። በአንድ እግሩ ቆሞ ተረከዙን እያነሳ እያወረደ ይቁጠር፤ ጤነኛው እግር 20 ካነሳ የታመመውም ወደዚያው መጠጋት አለበት። በአንድ እግሩ ወደ ፊት ሦስቴ ይዝለል፤ ርቀቱን ለኩት፣ ከጤነኛው ጋር አወዳድሩት። ይሄን ካለፈ ቀጥ ብሎ ይሩጥ። ቀጥ ያለው ካላመመው ዚግዛግ ይሩጥ። ከዚያ ድንገት ቆሞ ይዙር። ከዚያ ኳስ። ከዚያ ከጓደኞቹ ጋር ሙሉ ልምምድ፣ ያውም ከአንድ በላይ። ጨዋታ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በማግሥቱ ካበጠ አንድ ደረጃ ይመለሳል። ጨክኑ! ልጁ ይቆጣል፣ አባቱም ይቆጣል፣ ደጋፊውም ይሰድባችኋል። እነሱ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ የልጁን ጉልበት አይሸከሙም።

ጉልበት ስል የከፋው እሱ ነው። ልጁ ማንም ሳይነካው ይዞራል፣ ወይም ዘሎ ይወርዳል፣ ውስጡ «ቋ» ሲል ይሰማዋል። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ ያብጣል። ይሄ የፊት መስቀለኛ ጅማት፣ በስፖርት ወሬ ኤሲኤል የምትሉት፣ ሳይሆን አይቀርም። ተንኮሉ ከዚህ በኋላ ነው። ከሦስት ወይም ከአራት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ይጠፋል። ልጁ ይራመዳል፣ ቀጥ ብሎም ይሮጣል፣ «ዳነ» ይባላል። ሜዳ ገብቶ ሲዞር ጉልበቱ ይከዳዋል። እንዲህ በከዳው ቁጥር በአጥንቶቹ መሃል ያለው ልም አጥንት ሊቀደድ ይችላል። የጉልበቱ ዕድሜ የሚያጥረው ያኔ ነው። ስለዚህ «ቋ» ብሎ ያበጠ ጉልበት፣ ቢሻለውም ባይሻለውም፣ ሐኪም ሳያየው ሜዳ አይገባም።

ቀዶ ሕክምናው በየከተማው አይገኝም፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ተሠርቶለትም ጊዜ ይፈልጋል። በኖርዌይና በአሜሪካ በተደረገ ጥናት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እስከ 9ኛው ወር ድረስ መመለስ በአንድ ወር በዘገየ ቁጥር ዳግም የመጎዳቱ መጠን በግማሽ ገደማ ሲቀንስ ታይቷል። ከ9 ወር በፊት መመለስ ቁማር ነው። ትልቁን ሮናልዶ የምታስታውሱ አላችሁ? ብራዚላዊውን ማለቴ ነው። በኅዳር 1999፣ እንደ ፈረንጆቹ ማለት ነው፣ መስቀለኛው ባይሆንም፣ ጉልበቱ ላይ ያለ ሌላ ጅማት ተጎዳና ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በሚያዝያ 2000 በጣሊያን ዋንጫ ፍጻሜ ከላዚዮ ጋር ተቀይሮ ገባ። ጥቂት ደቂቃ እንደተጫወተ ያው ጅማት ሙሉ በሙሉ ተበጠሰ። ከዚያ በኋላ ረጅም ጊዜ አርፎ፣ በ2002 የዓለም ዋንጫ 8 ጎል አግብቶ ዋንጫውን አነሳ። እንግዲህ ኢንተር ሚላንን ያህል ክለብ ሐኪም ከበውት ይሄ ከሆነ፣ የሰፈራችን ልጅ ምን ዋስትና አለው?

ስለ ማዳን ይሄን ያህል ካልኩ፣ ስለ መከላከል ደግሞ ሜዳ ላይ የማየውን ልናገር። ቡድኑ ክብ ይሠራል። አንዱ መሃል ይቆምና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ ቆመው ጡንቻ ያሳስባሉ። ግማሾቹ ያወራሉ። ከዚያ ወደ ጎል ይመታሉ። ይሄ ማሟሟቅ ተባለ። ቆሞ መሳሳብ ብቻውን ጉዳት ብዙም አይከላከልም። ገና ያልሞቀ ሰውነት ይዞ በሙሉ ጉልበት ጎል መምታት ደግሞ ብሽሽት ማስቀደድ ነው፤ በተለይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ሳይገለጥ ጠዋት የምትጫወቱ።

ፊፋ ከባለሙያዎች ጋር ያዘጋጀው «11+» የሚባል ማሟሟቂያ አለ። 15 እንቅስቃሴ ነው፣ 20 ደቂቃ ይፈጃል፣ ከኳስ በቀር ዕቃ አይፈልግም። መጀመሪያ ቀስ ያለ ሩጫ፣ ቀጥሎ የጥንካሬ፣ የሚዛንና የዝላይ ሥራ፣ በመጨረሻ ፈጠን ያለ ሩጫ። በፈረንጆች 2008 የታተመ የኖርዌይ ጥናት 1,900 ገደማ ታዳጊ ሴት ተጫዋቾችን ተከታትሎ ነበር። ይሄን በሠሩት ቡድኖች ጉዳቱ በሲሶ ገደማ ያነሰ ነበር፤ ከባድ ጉዳቱ ደግሞ ይበልጥ ቀንሷል። ግን በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መሠራት አለበት። ለውድድሩ ሳምንት ብቻ ትዝ ካላችሁ ዋጋ የለውም።

ከውስጡ ሁለቱን ላሳያችሁ።

አንዱ «ኖርዲክ» ነው። ልጁ ምንጣፍ ላይ ይንበረከካል። ጓደኛው ከኋላ ሆኖ ቁርጭምጭሚቶቹን ጠበቅ አድርጎ ይይዝለታል። ልጁ ከጉልበቱ እስከ ትከሻው ቀጥ ብሎ፣ ወገቡን ሳያጥፍ፣ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይወድቃል። በታፋው የኋላ ጡንቻ እየተሟገተ መውረዱን ያዘገየዋል። ሲያቅተው በእጁ መሬቱን ይቀበላል፣ ገፋ አድርጎ ይመለሳል። ይሄ ጡንቻ የሚበጠሰው በሙሉ ፍጥነት ስንሮጥ፣ እግራችን ወደ ፊት ተወርውሮ ሊያርፍ ሲል ነው። ያኔ ጡንቻው እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል። ኖርዲክ የሚያሠለጥነው ይሄንኑ ፍሬን ነው። ይሄን ልምምድ የያዙ ቡድኖች የዚህን ጡንቻ ጉዳት በግማሽ ገደማ እንደቀነሱ ብዙ ጥናት አንድ ላይ ተደምሮ አሳይቷል። በ5 ጀምሩ፣ በየሳምንቱ ጨምሩ። የመጀመሪያው ሳምንት ደረጃ መውረድ ያቅታችኋል፣ አብሽሩ፣ ይለቃል። በጨዋታ ዋዜማ ግን አትሥሩት።

ሌላው አወራረድ ነው። ልጁን ከአንድ ደረጃ ላይ አዝልላችሁ፣ ከፊት ለፊት ቆማችሁ በስልካችሁ ቅረጹት። መሬት ሲያርፍ ጉልበቶቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሊሳሳሙ ከደረሱ፣ የመስቀለኛ ጅማቱ ነገር ያሳስባል። ጉልበት ከእግር ጣት ጋር በአንድ መስመር መሆን አለበት። ቪዲዮውን አሳዩት። አንዴ ራሱን ካየ ግማሹን ራሱ ያስተካክለዋል። ሴት ልጆች ላይ ይሄ ጉዳት ከወንዶቹ ይበልጥ ስለሚበዛ፣ የሴት ቡድን ያላችሁ ይሄን ችላ አትበሉት።

ስለ ሜዳ ምን ልበል? ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ትልቅ ስታዲየም ተመርቆላታል፣ ሳሩ ያስቀናል። የእኛ የሰፈር ሜዳ በጋ ድንጋይ፣ ክረምት ጭቃ ነው። ሜዳውን መቀየር አንችልም። ከጨዋታ በፊት 10 ደቂቃ ቡድኑ ተሰልፎ ጠጠርና ጠርሙስ መልቀም ግን ይቻላል። ታኬታም እንደ መሬቱ ነው። ለጭቃው ረዘም ያለ ጥርስ፣ ለደረቁ መሬት አጭርና ብዙ ጥርስ። ረጅሙ ጥርስ ደረቅ መሬት ላይ ሲተከል እግር ይቆማል፣ ሰውነት ይዞራል፣ መሃል ላይ ያለው ጉልበት ነው። ደግሞ አንድ ታኬታ ለሁለት ሰው የምትለዋወጡ አላችሁ፤ ተቀያሪው ሲገባ ወጪው አውልቆ ይሰጠዋል። ፍቅራችሁ ደስ ይላል። ግን በሁለት ቁጥር የሚበልጥ ታኬታ ከማድረግ ልክ የሆነ ሸራ ጫማ ይሻላል። የቅልጥም መከላከያም በፊፋ ሜዳዎች ከፈረንጆች 1990 ጀምሮ ግዴታ ነው። ከሌለ ወፍራም ካርቶን ካልሲ ውስጥ የሚከቱ ልጆች አይቻለሁ። ከምንም ይሻላል፣ ግን እሱን አትመኑ።

የክረምቱ ውድድር ነሐሴ ላይ ሲደርስ የፍልሰታ ጾም ይገባል። ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ ፊት እየመጣ ሁሉንም ወቅት ይጎበኛል። በአንድ ቡድን ውስጥ ሁለቱም ጿሚዎች ይኖራሉ፣ ወሎ ነን። የተጎዳ ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋል። ሥጋና ወተት በሌለበት ጊዜ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ቆሎ በደንብ ይበላ። እንጀራ በቃሪያ ብቻ በልቶ ልምምድ መምጣት አይሆንም። ረመዳን ላይ ከባዱ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፣ ቀኑን ቀለል ያለ ብቻ። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውሃው በየመሃሉ ይጠጣ። ሱሑር ማንም አይዝለል።

እና ጫት። ሳቃችሁ ገና ስሙን ስጠራ መጣ። እኔ የሃይማኖት ትምህርት አልሰጥም፣ የጡንቻ ነገር ነው የማወራው። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል። ሰውነት የተጎዳውን የሚጠግነው በብዛት ተኝቶ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በርጫ ቁጭ ብሎ እሁድ ጠዋት 90 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው፣ ያልተኛ፣ ያልበላ፣ ልቡ የደከመ ሰውነት ይዞ ነው የሚገባው። ምርጫው የእናንተ ነው። ተጎድታችሁ የምትመጡት ግን እኔ ዘንድ ነው።

አሁን የማይወደድ ነገር ልናገር። የዕድሜ ነገር። «ከ15 ዓመት በታች» የሚባለው ውድድር ላይ ጺሙን ተላጭቶ የሚመጣ ተጫዋች አለ። ሁላችንም እናውቃለን። ዝም እንላለን፣ ምክንያቱም የእኛም ቡድን ውስጥ አለ። የ13 ዓመት ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ ገና የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለው። እዚያ ላይ የሚደርስ ምት እግሩ አጥሮ ወይም ጠምሞ እንዲያድግ ሊያደርግ ይችላል። ጎረምሳ ሰውዬ በሸርታቴ ሲገባበት ማሊያው ላይ የተጻፈው ዕድሜ አያድነውም። ዋንጫው ስንት ብር ነው የሚያወጣው?

ከዚሁ ጋር፣ በዚያ ዕድሜ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ ያለው አጥንት የሚያብጥበትና የሚያመው ልጅ ይኖራል። በዕድገት ጊዜ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ዝላይና ሩጫው ተቀንሶለት፣ ዕድገቱ ሲያልቅ ይተወዋል። ሰነፍ አትበሉት።

ስለ ጭንቅላት በአጭሩ። ሁለት ልጆች በቴስታ ሲጋጩ ውሃ ደፍተን «ተነስ፣ ጀግና!» እንላለን። በፈረንጆች 2014 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የጀርመኑ ክራመር ጭንቅላቱን ተመትቶ ቀጠለ። ትንሽ ቆይቶ ዳኛውን «ይሄ ጨዋታ ፍጻሜው ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያ በኋላ ነው የወጣው። ጭንቅላቱን ተመቶ የተደናገረ፣ ያጥወለወለው፣ ያስታወከ፣ ሚዛኑን የሳተ ልጅ በዚያ ቀን አይመለስም። ሌላ ክርክር የለም። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደጋግሞ ካስታወከ ወይም እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ሆስፒታል ነው። ማንም ሳይነካው የወደቀና የማይተነፍስ ደግሞ ልቡ ነው። ምላሱን ፍለጋ አፉ ውስጥ እጅ አትክተቱ። ደረቱ መሃል በሁለት እጅ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪገባ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ እየተጫናችሁ አምቡላንስ አስጠሩ። በፈረንጆች 2021 ዴንማርካዊው ተጫዋች ኤሪክሰን ሜዳ ላይ ልቡ ቆሞ የተረፈው ወዲያው እንዲህ ስለተደረገለትና የልብ ማስነሻ ማሽን ስለነበረ ነው። ማሽኑ የለንም፣ እጅ ግን አለን። እሱን ሜዳ ስንወርድ እናሳያችኋለን።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንዲት እናት፣ «ልጄ ጨዋታ ሲደርስ መርፌ ይወጋል፣ ይጎዳው ይሆን?» አሉ። እማማ፣ ያ ዲክሎፌናክ ይሆናል። ሕመሙን ያደነዝዛል፣ ጅማቱን አያድንም። ሕመም ደግሞ «ቁም» የሚል ምልክት ነው። ደጋግሞ ሲወሰድ ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል፣ በተለይ ውሃ ሳይጠጣ የሚሮጥ ሰው። መርፌ ተወግቶ ብቻ መጫወት የሚችል ልጅ፣ መጫወት አይችልም ማለት ነው። ሐኪም ያላዘዘውን አያስወጉት።

አንድ አሰልጣኝ፣ «ቡድናችን ባዶ ነው። ብር ብናገኝ መጀመሪያ ምን እንግዛ?» አለ። ሁለት የሚለጠጥ ፋሻ፣ ንጹሕ ጎዝ፣ ጓንት፣ ሳሙናና አንድ ደብተር። ደብተሩ ላይ ማን ምኑን ተጎዳ፣ መቼ፣ መቼ ተመለሰ ብላችሁ ጻፉ። ስፕሬዩን ተዉት፣ እሱ ለአምስት ደቂቃ ማቀዝቀዣ ነው። ከውድድሩ በፊት የአምቡላንስና የአንድ ባጃጅ ሾፌር ስልክም ደብተሩ ጀርባ ላይ ይኑር።

በረኛው ደግሞ ጣቱን እያሳየ፣ «ወልቆ ራሴ ጎትቼ መለስኩት፣ ችግር አለው?» አለ። አለው። አሳየኝ እስቲ። አየህ፣ ጫፉን ቀጥ ማድረግ አልቻልክም። ጣትን ቀጥ የሚያደርገው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ሳይዘገይ ከታሰረ ይድናል፣ ከዘገየ ጠማማ ሆኖ ይቀራል። ነገ ጠዋት ራጅ ተነሳና ውጤቱን ይዘህልኝ ና። እስከዚያው ኳስ አትያዝ። አሁንም ቢሆን ሜዳ ስንወርድ አንተ ተመልካች ነህ።

ሌሎቻችሁ ቡናችሁን ጠጡና ምንጣፉን ይዛችሁ ውረዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቁሙ፣ በኖርዲኩ እንጀምራለን።